የፈረስ ፈቃድና የመውጫ ዋጋ

በካናዳዋ አልበርታ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በካልጋሪ ከተማ ውሻና ድመት ያላቸው ነዋሪዎች የሚያጉረመርሙበት ነገር፣ የከተማው ደንብ 3 ወር ለሞላው ውሻና ድመት ሁሉ ዓመታዊ ፈቃድ እያስከፈለ፣ በግዝፈትም በወጪም የሚበልጣቸውን ፈረስ ግን ከዚህ ነጻ ማድረጉ ነው። ፈረስ በሕጉ የሚታየው እንደ ከብት በመሆኑ ባለቤቱ ከመኖሪያ ሰፈር ውጭ በኪራይ ጋጣ ያሳድረዋል፤ አልበርታ ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ ግዴታ ያደረገችው የከብት ማደሪያ ምዝገባም በሽታ ሲነሳ መነሻውን ለመከታተል የታሰበ እንጂ የአያያዝ ፈቃድ አይደለም።

ጥብቅ ፈቃድ ይውጣ የሚሉ ወገኖች፣ ቸልተኛው ሰው ገና ሲገዛ ከተከለከለ የተጣለና የተራበ ፈረስ ይቀንሳል ብለው ያስረዳሉ፤ ስሕተቱ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ፈረስ የሚጎዳው በአብዛኛው ባለቤቱ ሊገላገለው በሚፈልግበት ጊዜ ነው። 25 ወይም 30 ዓመት ሊኖር የሚችል እንስሳ ጉልበቱ ሲደክም የመሸጫ ዋጋው ይወርዳል፤ የድርቆሹ፣ የሰኮናውና የሐኪሙ ወጪ ግን አብሮት አይወርድም። የዋጋው ወለል፣ ማለትም ከዚያ በታች ሊወርድ የማይችልበት ደረጃ፣ የሥጋ ነጋዴ የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ይህ ገዢ ከሌለ ዋጋው ከዜሮ በታች ይወርድና ባለቤቱ ለሐኪም መርፌና ለበድኑ ማስወገጃ ራሱ ይከፍላል። ይህ ወጪ የመውጫ ዋጋ ሊባል ይችላል፤ መክፈል ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው እንስሳውን ያስርበዋል፣ አለዚያም ሜዳ ላይ ይለቀዋል።

በአሜሪካ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች በእ.ኤ.አ. 2007 ሲዘጉ የሆነው ይህንኑ ያሳያል፤ የኮንግረሱ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 እንደዘገበው የዝቅተኛና የመካከለኛ ዋጋ ፈረሶች ዋጋ ከ8 እስከ 21 በመቶ ወርዷል፣ ለእርድ ወደ ካናዳና ወደ ሜክሲኮ የተሻገሩትም በ2010 ወደ 138,000 ደርሰዋል። አየርላንድ ደግሞ በ1996 ባወጣችው ሕግ በተከለሉ አካባቢዎች ፈረስ ለመያዝ ፈቃድ ትጠይቅ ነበር፤ የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ግን ፈቃዱ ፈረሶች በየሜዳው ከመጣል አላዳናቸውም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የፈረስ ሥጋ ስለማይበላ ወለሉ ከመነሻው የለም፤ በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ እንኳ ከሕዝብ በተነሣ ተቃውሞ በ2009 ዓ.ም. ተዘግቷል። ጀርባው የገጠበ ወይም እግሩ የተሰበረ የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር ቆሞ የሚቀረው ባለቤቱ ከሌላው ሰው የከፋ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም፤ ባጃጅ ገበያውን የወሰደበት ባለጋሪ የመውጫውን ዋጋ ከየትም ስለማያመጣው ነው። ጋሪው ታርጋ ቢለጠፍበት ይህን አይለውጠውም።

የካልጋሪ የውሻ ፈቃድ በሰሜን አሜሪካ በአርአያነት የሚጠቀስ መሆኑ እንደ ማስረጃ ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ ከፍተኛ የሚባለው ተሳትፎ የሚሰላው ፈቃድ ያላቸውን ውሾች በከተማው አሉ ተብለው ለሚገመቱት በማካፈል ስለሆነ፣ ግምቱ ካነሰ መቶኛው ያለ ሥራ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ የውሻ ፈቃድ የጠፋን ውሻ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የፈረስ ችግር ግን ባለቤቱ ስለማይታወቅ የሚመጣ አይደለም።

ስለዚህ መመዝገብ ያለበት ነገር ካለ ገንዘቡ ነው። አልበርታ ውስጥ ትንሽ ጠርሙስ የገዛ ሰው 10 ሳንቲም አስይዞ ባዶውን ሲመልስ እንደሚቀበለው ሁሉ፣ አርቢው ለእያንዳንዱ ውርንጭላ የመውጫውን ዋጋ በቅድሚያ ቢያስይዝ፣ ገንዘቡ ከሽያጭ ወደ ሽያጭ ከፈረሱ ጋር ይተላለፍና የመጨረሻው ባለቤት ለሐኪም ያውለዋል። በእርግጥ የውርንጭላ ዋጋ ይወደዳል፣ እርባታ ይቀንሳል፣ አቅም የሌለው ጋላቢም ይቸገራል፤ በኢትዮጵያ ከተሞች ደግሞ ይህን መያዣ የባለጋሪዎች ማኅበራት በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ሊያጠራቅሙት ይችላሉ።