ያውቁ ኖሯል? የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምናና ኑሮ

▪ የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው የሚያድገው ቴስቶስትሮን በተባለው የወንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ ካንሰሩ እንደሚዳከም ያሳየው ቻርለስ ሀጊንስ እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

▪ ቴስቶስትሮንን የሚቀንሰውን የሆርሞን ሕክምና የሚወስድ አባት በደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥም በድንገት ሊሞቀውና ሊያልበው ይችላል። ከጋቢው ሥር ስስ ልብስ ደርበው ይልበሱ፤ አረቄና የሚያቃጥል ወጥ ካባባሰብዎት ይቀንሱ።

▪ የሆርሞን ሕክምናው አጥንትንና ጡንቻን ያሳሳል። የአንኮበርን ዳገት በአቅም መውጣት ጡንቻን ያጠነክራል፤ ድካምንም ይቀንሳል። ወተትና አይብ፣ በጾም ደግሞ ሰሊጥና ጎመን ካልሲየም ይሰጣሉ።

▪ ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረር ሰውነት ውስጥ አይቀርም። የልጅ ልጅዎን ያለ ስጋት ይቀፉ።

▪ የጨረር ሕክምና ብዙውን ጊዜ ለሳምንታት፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሰጣል። ለዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል አዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ነበር፤ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለሕክምና ርቀው የሚሄዱ ከሆነ ማረፊያና አስታማሚ ቀድመው ያዘጋጁ።

▪ ሽንትዎ ወይም ሰገራዎ ደም ከቀላቀለ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ከጀርባ ሕመም ጋር እግርዎ ከዛለ ግን ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።