ሚኤሶ ጣቢያ በጠረጴዛ ላይ፦ የባቡር ሞዴል በኮምፒውተር ስለማቀድ

እኛ ጭሮ ያለን ሰዎች ባቡር ለማየት ወደ ሚኤሶ መውረድ አለብን። ለምን እንደሆነ የባቡር ሞዴል ሳቅድ በቁጥር ታየኝ። ጭሮ ከሚኤሶ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ይህ በኤች-ኦ ስኬል (1፡87) 4.6 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከክፍላችን ጣሪያ በላይ ማለት ነው! ሐዲድ በ100 ሜትር 2 ሜትር ቢወጣ እንኳ ለዚህ ከፍታ 20 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል፣ ያውም ተራራ ለተራራ እየዞረ። ስለዚህ ጭሮን ትቼ ሚኤሶን ያዝኩ።

የተጠቀምኩት ኤክስትራክካድ የሚባለውን፣ በነፃ የሚገኘውን ሶፍትዌር ነው። መጀመሪያ የሰሌዳውን ልክ (የእኔ 240 በ120 ሴ.ሜ. ነው)፣ ስኬሉን፣ ትንሹን የኩርባ ራዲየስና ትልቁን ዳገት ትነግሩታላችሁ። ከገደቡ ያለፈውን ሐዲድ በሌላ ቀለም ያሳያችኋል።

ጣጣው ኩርባው ላይ ነው። 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ በስኬሉ 9.2 ሜትር ይሆናል፤ እኔ ሰሌዳ ላይ ግን ዙሮ የሚመለሰው 50 ሴ.ሜ. ቢሆን ነው። እንግዲህ በኩርባ መዋሸት ግድ ነው። በሐዲድ ስፋት ግን አልዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር፣ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ደግሞ 1435 ሚ.ሜ. ነው። በሞዴል 12 እና 16.5 ሚ.ሜ. ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ዘረጋኋቸው። ለድሮው የኤሌክትሪክ ሽቦ አላስገባሁም፤ እዚያ ባቡር ከቆመ ቆይቷል። ፋይሉን ማየት የሚፈልግ ላብ ውስጥ ያገኘኛል።