የፀሐይ ብርሃን ወደ ሩቅ ዓለማት የሚያደርገው ጉዞ

ብርሃን በጠፈር ውስጥ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ቢሆንም፣ በፀሐይና በፕላኔቶቿ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ በመሆኑ ጉዞው ጊዜ ይወስዳል። ምድር ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ማለዳ በመስኮት ገብቶ ወለል ላይ የሚያርፈው ጮራ ከፀሐይ ገጽ የተነሣው ከ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ በፊት ነው።

ብርሃን ለጉዞው ጊዜ እንደሚያስፈልገው ከሰማይ ምልከታ ተነሥቶ ያስረዳው ዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኦሌ ሮመር ነው። ሮመር በ1676 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ሆኖ፣ በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ጁፒተርን የምትዞረውን የአዮን ግርዶሽ፣ ማለትም ይህች ጨረቃ በፕላኔቷ ጥላ ውስጥ የምትሰወርበትን ክስተት ሲያጠና፣ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ግርዶሹ እየዘገየ፣ ስትቀርብ ደግሞ እየቀደመ እንደሚታይ ተገነዘበ፤ ለዚህም ምክንያቱ የአዮ ዑደት መለወጡ ሳይሆን ብርሃኗ የሚያቋርጠው መንገድ መርዘሙና ማጠሩ ነበር።

የፀሐይ ብርሃን ጁፒተርንና ጨረቃዎቿን ለመድረስ በአማካይ 43 ደቂቃ፣ ሳተርንንና ትልቋን ጨረቃዋን ታይታንን ለመድረስ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ፣ ኔፕቲዩንንና ጨረቃዋን ትራይተንን ለመድረስ ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እነዚህ አካላት የራሳቸው ብርሃን የሌላቸውና የፀሐይን ብርሃን መልሰው የሚያንጸባርቁ በመሆናቸው፣ ኔፕቲዩንን በቴሌስኮፕ የሚመለከት ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው ደብዛዛ ብርሃን ደርሶ መልሱን ለማጠናቀቅ ከ8 ሰዓት በላይ ተጉዟል፤ ስለዚህም ሰማይን መመልከት ያለፈውን ጊዜ መመልከት ነው።