ወንዙን የማያይ የዓሣ ሕግ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወደ ጣና ሐይቅ ከሚፈሰው የጉማራ ወንዝ ገባሮች በአንዱ ዳር ወጣቶች ጠጠር በአካፋ እየዛቁ ገልባጭ መኪና ሲሞሉ አገኘሁ። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያው ጠጠር ላይ ነው። ይህንኑ ብነግራቸው አንዱ፣ «ጋሼ፣ እኛ እኮ መረብ የለንም» አለኝ።

መልሱ እስካሁን ይከነክነኛል፤ በየስብሰባው የምሰማው ይህንኑ ነውና። የጣና ዓሣ ቀነሰ በተባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው አስጋሪው ላይ ነው፦ የመረቡ ዓይን ይስፋ፣ በክረምት የወንዝ አፍ ላይ ማስገር ይከልከል። አልቃወምም። ዓሣው ሊራባ ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ መዘርጋት ዘር ማጥፋት ነው። በፈረንጆች ከ1991–1993 እስከ 1999–2001 ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ ሲቀንሱም ዋናው ተጠርጣሪ መረብ ነበር። ዛሬ ግን መረቡ ሁሉ ቢነሣ እንኳ ዓሣው ወጥቶ የት ይውለድ?

ጣና ውስጥ ካሉት 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ 7ቱ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል ይገባል፤ በሕይወት የሚቆየው በዚያ ክፍተት ንጹሕ ውሃ ሲያልፍ ብቻ ነው። እስከ ወንዙ አፋፍ ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ክፍተቱን ሲደፍነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ከዚህ የተረፉትን ጫጩቶች ደግሞ በበጋ የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣው የውሃ ሞተር ይጠብቃቸዋል፤ የተጠለሉበትን ኩሬ መጥጦ ያደርቀዋል። ሐይቁ ዘንድ የደረሱትም መጠለያ አያገኙም፤ ደንገሉ ተጨፍጭፎ ረግረጉ እርሻ ሆኗል።

ይህን ስናገር «እሱ የግብርና ጉዳይ ነው» እባላለሁ። መስማት ሰልችቶኛል። የሐይቁ ዓሣ ግማሽ ዕድሉ የሚወሰነው ማሳው ላይ ነው፤ የእርሻና የመስኖ ዕቅድ ሲወጣ ግን የዓሣ ባለሙያ አይጠራም። አስጋሪው መረቡ ሲወረስበት፣ ከላይ ያለውን ወንዝ ማንም አይጠብቅለትም።

ገበሬውን አልወቅስም፤ ያለችው መሬት ያቺው ናት። ከወንዙ ዳር ጥቂት ሜትር ሳያርስ ለሣርና ለዛፍ እንዲተው ከተፈለገ፣ ሣሩን አጭዶ ለከብቱ የሚወስደው እሱ ራሱ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። የውሃ ሞተሩም ኩሬው ሳይነጥፍ የሚቆምበት ልክ በወንዙ ላይ ምልክት ይደረግለት፤ ልኩንም ተጠቃሚዎቹ ከእኛ ከዓሣ ባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጠው ይወስኑት።