የፍለጋ ቃላት ጥምረት

የመረጃ ቋት አንድ ቃል ሲጠየቅ ሰነዶቹን ሁሉ እንደ አዲስ አያነብም። በሰነዶቹ ውስጥ ያሉትን ቃላት አስቀድሞ ለቅሞ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ሰነድ እንደሚገኝ የሚያሳይ ማውጫ ያዘጋጃል። ለምሳሌ በጌዴኦ የሚገኝ የቡና ስፍራ ስም የሆነው «ዱመርሶ» ሲጠየቅ በዚህ ቃል ሥር የተመዘገቡትን ሰነዶች ያወጣል። ብዙ ቃላት ሲጠየቁ ዝርዝሮቻቸውን ማቀናጀት ይኖርበታል።

ለዚህ የሚያገለግሉት ሦስት ማያያዣዎች የተመሠረቱት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው የሎጂክ ሥራ ላይ ነው። «ቡና እና ዱመርሶ» ሁለቱንም ቃላት የያዙ ሰነዶችን ብቻ ያመጣል፤ ውጤቱን ያጠባል። «ወይም» ያሰፋዋል። «ሳይሆን» ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ የሚጻፈውን ቃል የያዙ ሰነዶችን ያስወግዳል፤ ጥንቃቄም ይሻል። «ዱመርሶ ሳይሆን ይርጋጨፌ» ብሎ የጠየቀ ሰው ይርጋጨፌን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያነሳውን የዱመርሶ ጥናት ጭምር ያጣል።

ማያያዣዎች ሲቀላቀሉ በብዙ ቋቶች «እና» ከ«ወይም» ይቀድማል። «ቡና እና ጌዴኦ ወይም ጌዲኦ» ቢባል «ጌዲኦ» ያለበት ሰነድ ሁሉ፣ ቡናን ባያነሳም ይመጣል። ትክክለኛው «ቡና እና (ጌዴኦ ወይም ጌዲኦ)» ነው። የድሮ ሰነድ የሚፈልግ ሰው የጌዴኦ ሕዝብና አካባቢው ቀድሞ ይጠሩበት የነበረውን «ደራሳ»ንም በቅንፉ ውስጥ ይጨምራል። «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር»፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሲገባ ቃላቱ በቅደም ተከተላቸው ይፈለጋሉ።

የአማርኛ ፍለጋ በ«ወይም» ላይ በእጅጉ ይደገፋል። «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ወይም «ሰ፣ ሠ» በድምፅ አንድ ቢሆኑም፣ ቋቱ እንዲያመሳስላቸው ካልተዘጋጀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ቡና»ና «የቡና»ም እንዲሁ እንደ ሁለት ቃል ይቆጠራሉ። የቃል መጨረሻን ክፍት የሚተወው ኮከብ ምልክትም እንደ ላቲን ፊደል አይሠራም፦ «እንሰት*» «እንሰትን» ሲያገኝ «እንሰቱ»ን ያልፋል፤ «ት» ወደ «ቱ» ተለውጧልና። «እንሰ*» ግን ሁለቱንም ይይዛል። ስለዚህ ጠያቂው አማራጭ አጻጻፎችን አስቀድሞ ዘርዝሮ በ«ወይም» ያያይዛቸዋል፣ በቅንፍ ያስራቸዋል፣ ከዚያ በኋላ በ«እና» ያጠባል።