አዲስ የጠመንጃ አፈሙዝ እንደ ምጣድ መሟሸት ያስፈልገዋልን?

አዲስ የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር ታሽቶ ካልተሟሸ እንጀራ እንደሚይዝ ማንም ባለትዳር ያውቃል። አዲስ ጠመንጃስ? «ጥቂት ጥይት ተተኩሶበት ይሟሽ» የሚለው አባባል እውነት ከሆነ፣ ጥይት በውድ ለሚገዛ አርሶ አደር ጉዳዩ የኪስም ነው፤ በመንደር መካከል ከተተኮሰ ደግሞ የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

እዚህ ላይ አፈሙዝ የምንለው ጥይቱ የሚያልፍበትን ቱቦ በሙሉ ነው። በውስጡ ጥይቱን የሚያሾሩ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት። የጥይት ማደሪያው ከቱቦው የሚገናኝበት ጉሮሮ በመቁረጫ መሣሪያ ሲወጣ፣ የጥይቱን መንገድ የሚያቋርጡ ረቂቅ ጭረቶች ይቀሩበታል። ጭረቶቹ ከጥይቱ የመዳብ ልባስ ይፍቃሉ፤ የተፋቀውም መዳብ ወደ ፊት ሄዶ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መዳቡ ሲከማች ዒላማ መሳት ይመጣል። ማሟሸት የሚባለው እንግዲህ አንድ ተኩሶ መወልወል፣ ደግሞ ተኩሶ መወልወል ነው፤ ጉሮሮው እስኪለሰልስ ድረስ።

በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም። በአሜሪካ ለውድድር የሚሆን አፈሙዝ የሚሠራው ክሪገር የተባለው ድርጅት ይህንኑ ሥርዓት ለደንበኞቹ ይመክራል። በዚያው አገር በሙያው ስመ ጥር የነበረው ጌል ማክሚላን ግን፣ ማሟሸት የአፈሙዝን ዕድሜ ከመቁረጥ በቀር ጥቅም የለውም፤ ልማዱንም ያመጡት አፈሙዝ ብዙ መሸጥ የፈለጉ ናቸው ሲል ይሞግት ነበር። ክርክሩ ግን ከሩቅ ዒላማ ላይ በጣት ስፋት ለሚወዳደሩ ተኳሾች የሚሆን ነው።

በእኛ ገጠር ለሚታወቀው ክላሽ ነገሩ ይቀላል። የአብዛኛው ክላሽ አፈሙዝ ውስጡ በክሮም የተለበጠ ነው። ክሮም እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ጥቂት ጥይት አያለሰልሰውም፤ ስለዚህ የሚሟሽ ነገር የለውም። እንደ ምንሽር ያለው የቀድሞ መሣሪያ ክሮም ባይኖረውም፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲተኮስ የኖረ በመሆኑ ጥያቄው አይመለከተውም።

በጸሐፊው እምነት ጥይት ከማባከን ይልቅ ትኩረት የሚሻው ጽዳቱ ነው። አዲስ መሣሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ቅባት ይቀባል፤ ከመተኮሱ በፊት ጥይት አለመኖሩን አረጋግጦ ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይገባል። በቱቦው ውስጥ የተረሳ ጨርቅ ወይም የገባ ጭቃ አፈሙዙን ሊያፈነዳና ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። መወልወያው ዘንግ፣ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ከኋላ በኩል ይግባ፤ የአፈሙዙ ጫፍ በዘንግ ከተፋቀ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ሌላ ጣጣ አለው። የብዙዎቹ መለኮሻ ከተተኮሰ በኋላ እርጥበት የሚስብ ጨው ትቶ ያልፋል፤ በክረምት ደግሞ ዝገቱ ፈጥኖ ይነሣል። ጨውን ዘይት ብቻውን አያወጣውም። ቱቦውን በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ በሚገባ አድርቆ፣ ከዚያ በኋላ በስሱ ዘይት መቀባት ነው መፍትሔው፤ ይህም ተኩሱ በተፈጸመበት ዕለት ሳያድር ቢደረግ ይመረጣል።