ሞርሞኖች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከባልደረቦቻቸው ስለ ምን ይርቃሉ?

በአሜሪካ አገር ከሞርሞን ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች፣ «በሥራ ላይ ደግና ተጫዋች ነው፤ ሥራ ሲያበቃ ግን ከእኛ ጋር አይታይም» እያሉ ሲያሙት ይሰማል። ነገሩን ለኩራት የሚሰጡትም አሉ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንሻው ምክንያቱ ከኩራት ይልቅ ከጊዜ ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው።

የመጠጡ ነገር ለማንም ግልጽ ነው። ጆሴፍ ስሚዝ ቤተ ክርስቲያኑን በ1830 እ.ኤ.አ. ከመሠረተ ከሦስት ዓመት በኋላ «የጥበብ ቃል» የተባለውን ትምህርት ሰጠ፤ ከዚህም የተነሣ ምእመናኑ ከአልኮልና ከትንባሆ፣ ከሻይና ከቡናም ይከለከላሉ። በዚያ አገር የሥራ ጓደኝነት ብዙውን ጊዜ የሚጠነክረው በመጠጥ ቤት ነው። ሞርሞኑ ለስላሳ ይዞ መቀመጥ ቢችልም እንኳ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አልመጣም ያለ ሰው በአራተኛው አይጠራም። (ጉርብትናን በቡና ለምንለካ ለእኛ ይህን መረዳት አያስቸግርም።)

ይሁን እንጂ መጠጡ ዋናው ምክንያት አይመስለንም። በሞርሞኖች አጥቢያ ደመወዝተኛ ካህን የለም። ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ ቀን ጥርስ ሲነቅል ወይም ሒሳብ ሲያስተምር ውሎ፣ ማታ የሰውን ችግር ሲሰማ ያመሻል። ከምእመናኑም ለብዙዎቹ «ጥሪ» የሚሉት የአገልግሎት ድርሻ ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ሕፃናትን ያስተምራል፣ አንዷ ኦርጋን ትጫወታለች፣ ሌላው የተመደቡለትን ቤተ ሰቦች ይጠይቃል። ሰኞ ማታ የቤተ ሰብ ነው፤ በሳምንቱ መካከል አንድ ምሽት የወጣቶች ነው፤ እሑድ ደግሞ እስከ 2018 ሦስት ሰዓት፣ ከ2019 ወዲህ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ስብሰባ አለ፤ በዚያም ቀን ከገበያና ከስፖርት መታቀብ ይገባል። ቤት የሚለቅ ሰው ሲኖር ዕቃውን ሊጭኑ የሚመጡት የአጥቢያው ሰዎች ናቸው። ሌላው ሰው በመሥሪያ ቤት የሚፈልገውን ወዳጅ ሞርሞኑ ሳይፈልገው እዚያ አግኝቶታል።

ለዚህ መደጋገፍ ታሪክም ምክንያት ሆኗል። በ1838 የሚዙሪ ገዥ እንዲጠፉ ወይም ከግዛቱ እንዲባረሩ አዘዘ፤ በ1844 ስሚዝ በኢሊኖይ ወህኒ ቤት ተገደለ፤ በ1847 በብሪገም ያንግ መሪነት ዩታ ደርሰው የራሳቸውን ከተሞች መሥራት ጀመሩ።

ዛሬ በዩታ ነገሩ ይገለበጣል። በኒው ዮርክ ብቻውን የሚቀረው ሞርሞኑ ሲሆን፣ በዩታ ግን የመሥሪያ ቤቱ ጨዋታ ስለ አጥቢያና ስለ ስብከት ተልእኮ ሲሆን ብቻውን የሚቀረው ሌላው ሰው ነው። እኛ ይህኛውን የከበደ አድርገን እናየዋለን፤ ብዙ የሆነ ወገን ከዳር የተወውን ሰው አያስተውለውምና። ሞርሞኑ ወደ ቤቱ ቢጋብዘውም እንኳ ተጋባዡ ይጠራጠራል። ከወጣት ወንዶቻቸው ብዙዎቹ ሁለት ዓመት በስብከት ያሳለፉ ስለ ሆኑ፣ ግብዣው ለራት ይሁን ለጥምቀት መለየት ይቸግረዋል። አንዳንድ ጊዜም ጋባዡ ራሱ አልለየው ይሆናል።